እንከን የሌለበት ገጸ ባሕርይ ማንን ያስተምራል?

ባለፈው ጊዜ በዚሁ የግድግዳ ጋዜጣችን ላይ አንድ ጓደኛችን ስለ ድራማ የጻፈውን ሳታነቡት አልቀራችሁም። አሳቡ ባጭሩ ይህ ነው፦ ድራማ ማስተማሪያ ነው፤ ስለዚህ ዋናው ገጸ ባሕርይ እንከን የሌለበት አርአያ ይሁን፤ መጥፎውም ሰው ገና መድረክ ላይ ሲወጣ መጥፎነቱ ይታወቅ፤ አለዚያ ተመልካች ይደናገራል። ጽሑፉ በጥሩ አማርኛ የተጻፈ ነው፤ ብዙዎቻችንም አድንቀነዋል። ይሁን እንጂ እኛ የድራማ ክበብ አባላት የሆንን ጥቂት እጩ መምህራን በአሳቡ አንስማማም። የማንስማማውም አዋቂ ለመባል ሳይሆን በራሳችን ላይ ደርሶ ስላየነው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለወላጆች ቀን ስለ ሴት ልጆች ትምህርት አንድ ድራማ አዘጋጅተን ነበር። በድርሰቱ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ከየገጸ ባሕርያቱ ስም አጠገብ «ክፉ አባት»፣ «ጎበዝ ተማሪ»፣ «ደግ መምህር» ብለን ጻፍን። ክፉው አባት ይጠጣል፣ ይጮኻል፣ ዱላ ያነሣል፣ ልጁን ከትምህርት ቤት ያስቀራል። ለምን ያስቀራታል? ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ክፉ ስለሆነ ነዋ! በመጨረሻ ደጉ መምህር መጥቶ ረጅም ንግግር ያደርጋል፤ አባትየው በአምስት ደቂቃ ውስጥ ተጸጽቶ ያለቅሳል፤ መጋረጃው ይዘጋል። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። እኛም ተሳካልን ብለን ደስ አለን።

ድራማው አልቆ ወንበር ስንሰበስብ ጋቢ የለበሱ አንድ ገበሬ አባት ቀረብ ብለው፣ «ልጆቼ፣ ጥሩ አሳቃችሁን፤ ግን እንዲህ ያለውን ክፉ ሰው ከየት አገኛችሁት?» አሉን። ከዚያ ሳንጠይቃቸው፣ እሳቸውም ዘንድሮ ሴት ልጃቸውን ከትምህርት ቤት እንዳስቀሯት ነገሩን። እናቷ ታማለች፤ ታናናሾቿን የሚይዝ የለም፤ ትምህርት ቤቱ ደግሞ ከወንዝ ማዶ ነው። ልጅቷ ደብተሮቿን በፌስታል ጠቅልላ ግድግዳ ላይ ሰቅላቸዋለች። እሳቸው ማታ ማታ ያንን ፌስታል ላለማየት ፊታቸውን አዙረው እንደሚተኙ ሲነግሩን የምንለው ጠፋን። «ያ የናንተ ሰውዬ እኔን አይመስልም» ብለውን ሄዱ።

እንግዲህ ልብ በሉ። ድራማው ለማን ነበር የተጻፈው? ልጆቻቸውን ላስቀሩ አባቶች አልነበረም ወይ? እኚህ አባት ግን ከሰው ጋር አብረው ሲስቁ አመሹ፤ ራሳቸውን መድረኩ ላይ አላዩማ! በዓለም ላይ ራሱን ጭራቅ ነኝ የሚል ሰው የለም። ስለዚህ ክፉውን ሰው ከራስ ጠጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ ክፉ ስናደርገው፣ ልናስተምረው ለፈለግነው ተመልካች ማምለጫ በር ከፈትንለት ማለት ነው።

የኛ አቋም ይህ ነው፦ ገጸ ባሕርይ የሚታወሰውም ሆነ የሚያስተምረው በውስጡ ቅራኔ ሲኖር ነው። ቅራኔና ግጭት ግን አንድ አይደሉም። ሁለት ሰዎች መድረክ ላይ ቢሰዳደቡና ቢደባደቡ ግጭት ነው፤ በማግስቱ ይረሳል። ቅራኔ የምንለው አንድ ሰው ሁለት ነገር አጥብቆ ሲፈልግና አንዱን ሲይዝ ሌላው ሲያመልጠው ነው። ግጭቱ የሚጠቅመው ይህን በሆድ የተደበቀ ቅራኔ አስገድዶ ወደ ውጭ ሲያወጣው ነው።

ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ አንሄድም። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ያላነበበ ቢኖር እንኳ የወጋየሁ ንጋቱን የሬዲዮ ትረካ ሰምቶ ይሆናል። በዛብህ ማን ነው? ወላጆቹ በስለት ለቤተ ክርስቲያን የሰጡት፣ ሚስት እንዳያገባ የታሰረ ወጣት ነው። ሥራውስ? እንደኛው አስተማሪ! የፊታውራሪ መሸሻን ልጅ ሰብለ ወንጌልን ሊያስተምር ገብቶ ያፈቅራታል። ስለቱ የእውነት ነው፤ ፍቅሩም የእውነት ነው። ከሁለቱ አንዱ የይስሙላ ቢሆን ኖሮ መጽሐፉ ባንድ ምዕራፍ ባለቀ ነበር።

ፊታውራሪ መሸሻም ተራ ክፉ ሰው አይደሉም። ለልጃቸው የሚመጥን ዘር ሲመርጡ ልጅቷ የጋብቻ ዕድሜዋ ያልፍባታል፤ ሊያከብሯት ሲሉ ይበድሏታል። በባላገሩ ላይ ሲኮሩበት የኖሩት ክብር መጨረሻ ላይ በዚያው ባላገር እጅ ያስማርካቸዋል። ስናነብ እንስቅባቸዋለን፤ ወዲያው ደግሞ እናዝንላቸዋለን። ጉዱ ካሳስ ቢሆን? የባላባቱን ሥርዓት የሚነቅፈው ራሱ ከፊታውራሪ መሸሻ ጋር በሥጋ የሚዛመድ ሰው ነው። ያንኑ አሳብ አንድ ድኻ ቢናገረው የተበዳይ ሮሮ ተብሎ ይታለፍ ነበር፤ ከቤቱ የተወለደ ሰው ሲናገረው ግን እብድ አሰኘው። ስሙም እስከ ዛሬ ከአፋችን አልጠፋ።

ከታሪክም እንጨምር። ግርማቸው ተክለ ሐዋርያትና ፀጋዬ ገብረ መድኅን በተውኔት፣ ብርሃኑ ዘሪሁንና አቤ ጉበኛ በልብ ወለድ፣ ሁሉም ስለ አፄ ቴዎድሮስ ጽፈዋል። ሌላ ንጉሥ ጠፍቶ ነው? አይደለም። ሽፍታ የነበሩት ሰው በ1847 ዓ.ም. ሲነግሡ ሽፍትነትን ለማጥፋት ተነሡ። አገር አንድ ላድርግ ያሉት ንጉሥ በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን አቃጠሉ። በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ለእንግሊዞች እጄን አልሰጥም ብለው ራሳቸውን የገደሉበት ሽጉጥ ደግሞ የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ስጦታ ነበር። ደራሲ እንዲህ ያለውን ሰው ትቶ ወዴት ይሄዳል?

«ታዲያ ለጥፋተኛ ጠበቃ ልትሆኑ ነው?» የሚለን አይጠፋም። ኧረ አይደለም። ምክንያቱን ማሳየት ጥፋቱን ማቅለል አይደለም። የአባትየው ችግር የቱን ያህል የእውነት ቢሆን ልጅቷ ያጣችውን ዓመት አይመልስላትም፤ ተመልካቹም ሁለቱን ባንድ ላይ ሲያይ ነው የሚከብደው። ደግሞም ቅራኔ ማለት መዘበራረቅ አይደለም። ያለ ምክንያት ጧት ደግ፣ ማታ ክፉ የሚሆን ገጸ ባሕርይ የደራሲው ስንፍና ውጤት ነው። የኛው አባት በአምስት ደቂቃ መጸጸቱም ከዚሁ የሚቆጠር ነው።

ስለዚህ ድርሰቱን እንደገና ጻፍነው። ከስሞቹ አጠገብ ያሉትን ቅጽሎች ሰረዝን። አባትየው አሁን አይጠጣም፤ ልጁን ይወዳታል፤ ለወንድሟ ትምህርት በሬ ሸጧል፤ ለሷ የሚሸጠው የለውም። «ደጉ መምህር» ዘንድ ስንደርስ ግን ተቸገርን። እሱስ ምን ቅራኔ አለው? ከብዙ ክርክር በኋላ አንዷ ጓደኛችን አንድ አሳብ አመጣች፦ መምህሩ ወጥ እንድትሠራለት ታናሽ እህቱን ከገጠር አምጥቷታል፤ ትምህርት ቤትም አላስገባትም። በልምምድ ላይ አባትየው «የርስዎስ እህት የት ነው የምትማረው?» ብሎ ሲጠይቀው ክፍሉ ጸጥ አለ። ከመካከላችን ያቀረቀሩም ነበሩ። ማን እንደሆኑ እዚህ አንጽፍም፤ ራሳቸው ያውቁታል።

አሁን «መምህር በወላጅ ፊት አይዋረድ፤ ይህ ትዕይንት ይውጣ» የሚሉን አሉ። እኛ ግን አይወጣም እንላለን። ወላጅን ራስህን እይ እያልን የራሳችንን መስታወት ብንሸፍን ማን ያምነናል? ነገ ክፍል ስንገባም ጉዳዩ ይከተለናል። ከተማሪው ስም አጠገብ «ሰነፍ»፣ «ረባሽ» ብለን ስንጽፍ፣ ድርሰታችን ላይ «ክፉ አባት» ብለን እንደጻፍነው መሆኑ አይደለም ወይ? ከኋላ ወንበር የሚረብሸው ልጅ ምናልባት ማንበብ አለመቻሉ እንዳይታወቅበት ይሆናል። መማርም ይፈልጋል፣ ማፈርም አይፈልግም። ይህን ሳያይ የሚቀጣ መምህር እንደ መጀመሪያው ድራማችን ነው፤ ይጮኻል እንጂ አያስተምርም።

በመሆኑም የክበባችንን ኃላፊዎች የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ አዲሱ ድርሰት ሳይቆራረጥ መድረክ ላይ ይውጣ። አሳባችንን የሚቃወም ካለ ብዕሩን አንሥቶ እዚሁ ሰሌዳ ላይ ይሞግተን። ያን ቀን ያነጋገሩንን አባትም ከፊት ረድፍ ወንበር ይዘን እንጠራቸዋለን። ይስቁ እንደሆነ አብረን እናያለን።