ጋቢ ሙቀት አያመነጭም
ብርድ የመታት ኤሊ ስለ ሙቀት ፊዚክስ የምታስተምረን

በአዲስ አበባና በሌሎች ደጋማ ከተሞቻችን በአንዳንድ መኖሪያ ግቢዎች ኤሊ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። ልጆች ይወዷታል፤ ጎመንና የካሮት ቅጠል ያበሏታል። ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ብርዳማ ሌሊቶች ግን ይህች ዝምተኛ እንስሳ ምን እንደሚደርስባት የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ጠዋት አንገቷን አርዝማ፣ አፍንጫዋ ንፍጥ አዝሎ፣ በእያንዳንዱ ትንፋሽ አፏን እየከፈተች ስትገኝ አብዛኛው ሰው የሚያደርገው አንድ ነው፤ በጋቢ ወይም በብርድ ልብስ ይጠቀልላታል። ይህ በርኅራኄ የሚፈጸም ተግባር ብቻውን ኤሊዋን አያድናትም። የማያድናትም ሁላችንም በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተምረን ፈተና በተፈተንበት ቀላል የፊዚክስ ሕግ ምክንያት ነው።

ጋቢ የሚያሞቀው ማንን ነው?

ጋቢ ስንደርብ የሚሞቀን ጋቢው ሙቀት ስላለው አይደለም። ሰውነታችን ከተመገብነው ምግብ ያለማቋረጥ ሙቀት ያመነጫል፤ አንድ አዋቂ ሰው ዐርፎ ተቀምጦ እንኳ ወደ 100 ዋት የሚጠጋ ሙቀት ይለቃል። ጋቢው በክሮቹ መካከል አየር ይዞ የዚህን ሙቀት ማምለጥ ያዘገያል እንጂ ራሱ አንዲት ጁል አይጨምርም። የኤሊ ውስጣዊ ምድጃ ግን እጅግ ደካማ ነው። ሙቀቷን የምታገኘው ከፀሐይ፣ ከሞቀ አፈርና ከአካባቢው አየር ነው። እንግዲህ ሰውነቷ እስከ 12 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የቀዘቀዘ ኤሊ በጋቢ ብትጠቀለል፣ ጋቢው የሚጠብቀው ቅዝቃዜዋን ነው። ረፋድ ላይ ክፍሉ ሲሞቅ እንኳ ሙቀቱ ቶሎ እንዳይደርሳት ያደርጋል። በገለባና በጆንያ የተሸፈነ በረዶ ሳይቀልጥ የሚቆየውም በዚሁ ምክንያት ነው።

«ደመ ቀዝቃዛ» የሚለው የተለመደ ስያሜም ያሳስታል። ፀሐይ ስትሞቅ የዋለች የቆላ ኤሊ ደም ከ30 ዲግሪ በላይ ሊሆን ይችላል። ቀዝቃዛ ያደረጋት ተፈጥሮዋ ሳይሆን እኛ ያኖርንባት ቦታ ነው። በአገራችን የምትገኘውና ቅርፊቷ እንደ ነብር ቆዳ ዥንጉርጉር የሆነው ኤሊ፣ በሳይንሳዊ ስሟ ስቲግሞኬሊስ ፓርዳሊስ፣ የሞቃታማ ሣር ምድርና የቁጥቋጦ ነዋሪ ናት። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ትገኛለች። በበጋ ሌሊት ሰማዩ ጥርት ሲል ምድር ሙቀቷን በጨረር መልክ ወደ ላይ ትለቃለች፤ የአየሩም ሙቀት ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። የሲሚንቶ ወለል በበኩሉ ከደረቅ ሣር ይልቅ ሙቀትን ከእንስሳዋ ሆድ በፍጥነት ይስባል።

«ኤሊ በብርድ ጊዜ ትተኛ የለም ወይ?» የሚል አንባቢ ይኖራል። የሚተኙ ዝርያዎች በእርግጥ አሉ። እንግሊዛዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ጊልበርት ዋይት እ.ኤ.አ. በ1789 ባሳተመው የሴልቦርን መንደር መጽሐፉ አንዲት ኤሊ በኅዳር ወር አካባቢ አፈር ቆፍራ እንደምትገባና በሚያዝያ እንደምትወጣ መዝግቧል። ያቺ ኤሊ ግን የሜዲትራኒያን አካባቢ ዝርያ ነበረች። የእኛዋ የቆላ ኤሊ እንዲህ ያለ የክረምት እንቅልፍ የላትም። በብርድ ደንዝዛ ያየናት እንደሆነ ተኝታ ሳይሆን ታምማ ነው።

ሳል የሌለው ሳንባ

የኤሊ የጎድን አጥንቶች የጀርባ ቅርፊቷ አካል ስለሆኑ እንደ እኛ ደረቷን እያሰፋችና እያጠበበች መተንፈስ አትችልም። እንደ እኛ ያለ ድያፍራምም የላትም። አየር የምታስገባውና የምታስወጣው በሆዷና በእግሮቿ ሥር ባሉ ጡንቻዎች ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት የዚህ አተነፋፈስ መነሻ በደቡብ አፍሪካ በተገኘውና ወደ 260 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ባለው ዩኖቶሳውረስ በተባለ ቅሪተ አካል ላይ እንደሚታይ አመልክቷል። የዚህ ጥንታዊ አሠራር ዋጋው ከባድ ነው፤ ኤሊ አክታዋን በኃይል ስላ ማውጣት አትችልም። በሳንባዋ የተጠራቀመ ፈሳሽ በቀላሉ አይወጣም። ስለዚህ ሰው «ጉንፋን ነው፣ ያልፋል» የሚለው ንፍጥ በኤሊ ላይ ወደ ሳንባ ምች ሊያድግ ይችላል።

ሙቀት መድኃኒት የሚሆነውስ እንዴት ነው? የመጀመሪያውን የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት በ1901 የተቀበለው ቫንት ሆፍ እንዳስተዋለው፣ የብዙ ኬሚካዊ ውሁደቶች ፍጥነት ሙቀት በ10 ዲግሪ ሲጨምር ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ያድጋል። የበሽታ መከላከያ ሕዋሳት ሥራም ኬሚስትሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 ማቲው ክሉገርና ባልደረቦቹ የበረሃ እንሽላሊቶችን በባክቴሪያ በክለው በተለያየ ሙቀት አቆዩአቸው። በ34 ዲግሪ የነበሩት ሲሞቱ በ40 እና በ42 ዲግሪ ከነበሩት አብዛኞቹ ተረፉ። እነዚህ እንስሳት ትኩሳታቸውን የሚያገኙት ፀሐይ ወዳለበት በመሄድ ነው። ብርድ ክፍል ውስጥ ያለች ኤሊ ይህ ዕድል ተነፍጓታል። ሐኪም የሚያዝላት ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት እንኳ ወደ ሰውነቷ የሚሰራጨውና የሚወገደው በሙቀቷ መጠን ስለሆነ፣ ያልሞቀች ኤሊ መርፌ ብትወጋም የሚገባትን ጥቅም አታገኝም።

ታዲያ ምን ይደረግ?

በመጀመሪያ ይለካ። ቴርሞሜትር በኤሊዋ ከፍታ፣ ከወለሉ አጠገብ ይቀመጥ። የታመመች ኤሊ ቀን ከ28 እስከ 30 ዲግሪ፣ ሌሊትም ከ25 ዲግሪ የማያንስ ሙቀት ያስፈልጋታል። ወደዚያ የምትደርሰውም በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ቀስ በቀስ ነው። ቀን ላይ ክር ያለው የ60 ዋት አምፖል በሰፊ ካርቶን አንድ ጎን ከፍ ብሎ ቢሰቀል በቂ ሊሆን ይችላል፤ ሲበዛባት ወደ ሌላው ጎን ትሸሻለች። ኃይል ቆጣቢ አምፖል ለዚህ አይሆንም፤ ቆጣቢ የተባለው ሙቀት ስለማያባክን ነውና።

መብራት ቢጠፋስ? 20 ሊትር ውኃ የያዘ ጀሪካን ከ45 ወደ 30 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ ወደ 1.25 ሚሊዮን ጁል ይለቃል። ይህም የ60 ዋት አምፖል በስድስት ሰዓት ገደማ የሚሰጠው ኃይል ነው። ጀሪካኑን በጨርቅ ጠቅልሎ ከኤሊዋ ጎን ማስቀመጥና ካርቶኑን፣ የአየር መግቢያ ትቶ፣ በጋቢ መሸፈን ይቻላል። ጋቢው ትክክለኛ ቦታውን የሚያገኘው አሁን ነው፤ የሚጠብቀው የሙቀት ምንጭ አግኝቷልና።

ስትሞቅ ከአገጯ በታች በሚደርስ ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ለ15 ደቂቃ ያህል ብትቆም ጥሟን ትቆርጣለች። ጭንቅላቷን ማንሳት ካቃታት ግን ውኃ ውስጥ አትግባ። ከዚያ በደንብ ትድረቅ። ሳትሞቅም አትመገብ። የነካት ሰው እጁን በሳሙና ይታጠብ፤ ኤሊዎች ሳልሞኔላ ሊይዙ ይችላሉ።

የማይደረገውንም ማወቅ ያሻል። ከሰል በተዘጋ ክፍል ውስጥ ማቀጣጠል በካርቦን ሞኖክሳይድ ኤሊዋንም ቤተሰቡንም ሊገድል ይችላል። ከቤት የተረፈ የሰው ኪኒን አይሰጥ። ከሁሉ በላይ፣ ለከብት ጥገኛ ተውሳክ የሚሰጠውና በየገጠሩ የሚታወቀው አይቨርመክቲን ለኤሊ መርዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 የታተመ ጥናት ለከብት ከሚሰጠው በእጅጉ ያነሰ መጠን በዚህችው ዥንጉርጉር ኤሊ ላይ ሽባነት እንዳስከተለ አሳይቷል። ለላም የበጀ ለኤሊ ይበጃል ማለት አይደለም። አፏን ከፍታ የምትተነፍስ ኤሊ በተቻለ ፍጥነት በእንስሳት ሐኪም መታየት አለባት፤ ማሞቅ የሕክምናው መጀመሪያ እንጂ ምትኩ አይደለም።

«ስንት የሰው ችግር እያለ»

ይህን ጽሑፍ ያነበበ ሰው «ስንት የሰው ችግር እያለ ስለ ኤሊ?» ቢል አልፈርድበትም። መልሴ ግን ግልጽ ነው፤ ሕጉ አንድ ነው። ክብደቱ አንሶ የተወለደ ሕፃን የሚያመነጨው ሙቀት ትንሽ፣ ከክብደቱ አንጻር የቆዳው ስፋት ደግሞ ትልቅ ነው። በብርድ ልብስ ብቻ መጠቅለል አይበቃውም፤ የሙቀት ምንጭ ይሻል። እ.ኤ.አ. በ1978 በኮሎምቢያዋ ቦጎታ የተጀመረውና ዛሬ በዓለም ዙሪያ የሚሠራበት የካንጋሮ እንክብካቤ ሕፃኑን ከእናቱ ገላ ጋር በማጣበቅ ይህንኑ ምንጭ ይሰጠዋል። የኤሊዋን ጉዳይ በትክክል የተረዳ ተማሪ የሕፃኑንም፣ የአንድ ቀን ጫጩቶቹንም ጉዳይ ይረዳል።

የእኔ ቅሬታ በኤሊ ወዳጆች ላይ አይደለም፤ በትምህርታችን ላይ ነው። የሙቀትን ቀመር በቃሉ የሚወጣ፣ በፈተና ሙሉ ውጤት የሚያመጣ ተማሪ፣ ከፊቱ በብርድ የደነዘዘች ፍጡር ስትቀመጥ ቀመሩን ረስቶ ወደ ጋቢው ይሮጣል። ዕውቀቱ ከደብተሩ አልወጣም ማለት ነው። መምህራን የሙቀትን ምዕራፍ ስናስተምር «ይህ ነገር ሙቀት ያመነጫል ወይስ ያቆያል?» የሚለውን አንድ ጥያቄ ከቀመሩ በፊት ብናስቀድም ብዙ ነገር ይቃና ነበር።

ከሁሉ የሚሻለው ግን ኤሊዋን ከቆላዋ አለማምጣት ነው። የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ ከመኖሪያዋ ማፈናቀል በሕግም በኅሊናም አይደገፍም። ቀድሞውኑ በግቢያችን ያለችው ግን ፀሐይዋን ፍለጋ የምትሄድበት መንገድ በእኛ አጥር ተዘግቷል። ፀሐይዋን የከለከልናት እኛ ከሆንን፣ ዲግሪውን ለክቶ ሙቀቱን የማምጣት ግዴታውም የእኛው ነው።