ላም ተወግታ አውሬ ዳነ

«የከብት ሐኪም ለዱር አራዊት ምን ይረባል?» የሚል ተማሪ ቢገጥመኝ ዶክተር ዋልተር ፕላውራይትን እጠራለታለሁ። እኒህ እንግሊዛዊ ኬንያ፣ ሙጉጋ ምርምር ጣቢያ ሳሉ «ደስታ» የተባለውን የከብት በሽታ ቫይረስ በጥጃ ኩላሊት ሕዋስ ደጋግመው አሳድገው አደከሙትና ክትባት አደረጉት። ደስታ (ስሙ ይገርማል!) በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1888 ጀምሮ በሬያችንን ፈጅቶ «ክፉ ቀን»ን ያመጣብን ነው።

ቀድሞ «ከብቱን የሚበክለው አውሬው ነው» ይባል ነበር። በሰረንጌቲ ዙሪያ ከብቱ ሲከተብ ግን በሽታው ከአራዊቱም ጠፋ፤ በ1961 ሩብ ሚሊዮን ያህል የነበረው ዊልደቢስት የተባለ ቀንዳም እንስሳ ከ1980 በፊት ከሚሊዮን አለፈ። አውሬው ፍጹም ንጹሕ ነው ማለቴ አይደለም፤ ከዚሁ እንስሳ ወደ ከብት የሚጋባ ሌላ ገዳይ ቫይረስ በ1960 ያገኙትም እሳቸው ናቸው።

ደስታ ከዓለም መጥፋቱ በ2011 ሲታወጅ ሐኪሙ ካረፉ ዓመት አልፏቸው ነበር።