ካርታው ከተሠራ በኋላስ?

እምቦጭ ጣና ላይ መታየቱ ከተነገረ፣ እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ፣ የሐይቁ አረም የስንት የጂአይኤስ (የመልክዓ ምድር መረጃ ሥርዓት) ተማሪ መመረቂያ ጽሑፍና ካርታ ሆነ? ከነዚያ ካርታዎች መካከልስ አረሙን ደረቱ ድረስ ውሃ ገብቶ በእጁ ለሚነቅለው የደንቢያና የፎገራ ገበሬ የደረሰው የትኛው ነው?

የሳተላይት ምስል የለም እንዳይባል የላንድሳት ማኅደር እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ በነጻ ተከፍቷል። የአውሮፓው ሴንቲኔል ሁለት በየአምስት ቀኑ እየተመለሰ በ10 ሜትር ጥራት ያነሣል። ካርታ መሥሪያው ሶፍትዌር ኪውጂአይኤስም ያለ ምንም ክፍያ ይወርዳል። ታዲያ ምን ጎደለ?

የተለመደውን አሠራር ጠጋ ብለን እንየው። ተማሪው ደመና የሌለበት ምስል ስለሚፈልግ የታኅሣሥን ወይም የጥርን ይመርጣል። እምቦጩ ግን የሚያይለው ክረምቱ ደለሉንና ማዳበሪያውን ጠርጎ ሐይቁ ውስጥ ከጨመረ በኋላ፣ በመስከረምና በጥቅምት ነው። ለኮምፒውተሩ የሚመች ወር ተይዞ አረሙ የሚበረታበት ወር ከተተወ፣ የተለካው ምኑ ነው? ደመናን አልፎ የሚያየው የሴንቲኔል አንድ የራዳር ምስል በነጻ እያለ፣ ስንቱ ተማሪ ሳይነካው ይመረቃል?

ቀጥሎ ምስሉ ላይ ያለውን በዓይነት የመለየቱ ሥራ፣ ምደባው፣ ይመጣል። ከላይ ሲታይ እምቦጩም አረንጓዴ ነው፣ ደንገሉም አረንጓዴ ነው፣ ዳር ላይ ያለው የፎገራ ሩዝም አረንጓዴ ነው። ይህን የሚለየው ጂፒኤስ ይዞ በጀልባ የወረደ ሰው ነው። ማረጋገጫ ነጥቦቹ ላብራቶሪ ውስጥ ተቀምጦ ከጎግል ኧርዝ ላይ ከተለቀሙ፣ ያ በመመረቂያ ጽሑፉ ምዕራፍ አራት የሚኮራበት የትክክለኛነት መቶኛ ምስልን በምስል ከመመስከር በምን ይለያል? መንገድ ተዘግቶ፣ ጸጥታ ደፍርሶ መስክ መውጣት የማይቻልበት ጊዜ መኖሩ አይካድም። ያኔ ግን ነጥቦቹ ከየት እንደመጡ በግልጽ መጻፍ ማንን ይጎዳል?

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ጥናቱ የሚያነሣው ጥያቄ ራሱ ነው። እምቦጩ የት እንዳለ ገበሬው ያውቃል፤ በሬው የሚጠጣበትን ዳር የዘጋበት እኮ አረሙ ነው። ነፋስ ሲነሣም አረሙ ተንሳፍፎ ቦታ ስለሚቀይር፣ ተማሪው ጽሑፉን ፈታኞች ፊት የሚያቀርብበት ዲፌንስ እስኪደርስ ካርታው አርጅቷል። ገበሬው ከጀልባው ላይ ሆኖ ማየት የማይችለው ሌላ ነው፦ በመገጭ፣ በርብና በጉማራ ተፋሰሶች ደለሉን አብዝቶ የሚልከው የትኛው ገባር ነው? እርከን ሳይሠራለት የሚታረሰው ተዳፋት በየትኛው ቀበሌ ይበዛል? ከጎንደር ከተማ የሚወጣው ፍሳሽ ወደ መገጭ የሚገባው በየት በየት ነው? ተዳፋቱን፣ አፈሩን፣ ዝናቡንና የመሬት ሽፋኑን ደራርቦ ይህን መመለስ የጂአይኤስ ትልቁ ጉልበት ነው። ታዲያ ትምህርቱ ስለምን ውጤቱን በቀለም ማሳየት ላይ ይቆማል?

ውጤቱስ ለማን ይጻፋል? የልማት ጣቢያ ሠራተኛዋ የምትፈልገው የቀበሌና የጎጥ ስም በአማርኛ የሰፈረበት፣ በወረቀት የታተመ አንድ ካርታ ነው። የትኛው የምዘና ቅጽ ነው ለዚህ ነጥብ የሚሰጠው? በዲፌንሱ ዕለት ከፈታኞቹ ወንበሮች አንዱን ለፎገራ ወይም ለደንቢያ ወረዳ የግብርና ባለሙያ መስጠት ምን ይከብዳል? «ለመጪው ክረምት እርከኑን ከየትኛው ተዳፋት ልጀምር?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ተማሪው ካርታው ላይ ጣቱን የሚያሳርፍበት ቦታ ይኖረዋል?