እግረኛው የሌለበት ሥዕል

አዲስ አበባን በሥዕል፣ በፊልም ወይም በጽሑፍ ለማሳየት የሚነሣ ከያኒ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ አንድ ልማድ ይዟል። ዓይኑን ወደ ላይ ይሰቅላል። ከተማይቱ ከአየር ላይ፣ በሌሊት መብራት አሸብርቃ፣ ወይም በሚነዳ መኪና መስተዋት እየሮጠች ትታያለች። ሕንፃው አለ፤ ጎዳናው አለ፤ አደባባዩም አለ። የሌለው በጎዳናው የሚሄደው ሰው ነው፤ ቢኖርም ከጉንዳን አይበልጥም። ነገሩ የአቀራረብ ምርጫ መስሎ ቢታይም፣ ማን ከተሜ ተብሎ እንደሚቆጠር የሚወስን አመለካከት ነውና በዝምታ ሊታለፍ አይገባውም።

በመሠረቱ አዲስ አበባ የእግረኛ ከተማ ናት። በውስጧ ከሚደረጉት ጉዞዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በእግር የሚደረጉ መሆናቸውን የከተማይቱ የትራንስፖርት ጥናቶች ያመለክታሉ። ከቀረው ትልቁን ድርሻ የሚሸከሙት አውቶቡስና ታክሲ ሲሆኑ፣ የግል መኪና የጥቂቶች ነው። በመንገድ አደጋ ሕይወታቸውን ከሚያጡትም አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው። እንግዲህ በመኪና መስተዋት የተሣለችው አዲስ አበባ የጥቂቶች አዲስ አበባ ናት። ከእንጦጦ ሥር ተነሥቶ እስከ አቃቂ የሚወርደውን ተዳፋት ሞተር አያውቀውም፤ የሚያውቀው ጉልበት ነው። ከለገሀር ተነሥቶ የቸርችልን ጎዳና ሽቅብ እስከ ማዘጋጃ ቤት የወጣ ሰው ከተማይቱ ጠፍጣፋ ሸራ አለመሆኗን በትንፋሹ ይመሰክራል።

ነዋሪው ከቤቱ ወጥቶ ከሥራው ለመድረስ የሚያደርገው ሁሉ ዕውቀት ነው፤ ይህም ዕውቀት እስከ ዛሬ ባለቤት አላገኘም። ከንጋቱ 12 ሰዓት አያት ላይ ሰልፍ የያዘች አንዲት ነርስ የትኛው ታክሲ ቀጥታ እንደሚሄድ፣ የትኛው መንገድ አቆራርጦ በአንዱ ጉዞ ሁለት ሒሳብ እንደሚያስከፍል፣ ዝናብ ሲጥል ሰልፉ ከየት ጀምሮ እንደሚፈርስ፣ መገናኛ ከወረደች በኋላም የሁለተኛው ታክሲ ተራ የት እንደሆነ ታውቃለች። በታክሲው ውስጥ ሒሳቡ ከኋላ ወንበር ተነሥቶ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ለረዳቱ ይደርሳል፤ መልሱም በዚያው መንገድ ይመለሳል። የማይተዋወቁ ሰዎች አንዱ ለሌላው ገንዘብ ይታመናሉ፤ ሳንቲም ጎደለ ተብሎ ክርክር ሲነሣም ከፊት ወንበር ሽማግሌ፣ ከኋላ ወንበር ጠበቃ አይጠፋም። የተውኔት ጸሐፊዎቻችን ግጭት ፍለጋ ወደ ባለጸጎች ሳሎን መሄዳቸው፣ ይህን ሁሉ በየቀኑ እያዩ መሆኑ ያስገርማል።

የቋንቋውም ነገር እንዲሁ ነው። በአብዮቱ ዘመን ተሳፋሪዎችን ፊት ለፊት አቀማምጣ የምትጭነውን ታክሲ ሕዝቡ «ውይይት» ብሎ ሰየማት፤ የዘመኑን የማያልቅ ስብሰባ በፈገግታ መተቸቱ ነበር። ካዛንቺስ የሚለው ስም በጣሊያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ከሚሠራው ድርጅት አኅጽሮት የመጣ ነው፤ ለገሀርም ከፈረንሳይኛው የባቡር ጣቢያ መጠሪያ። ሕዝቡ እነዚህን የባዕድ ቃላት በአፉ አላምጦ የራሱ አደረጋቸው። 22 ማዞሪያ የአውቶቡስን ቁጥርና የሚዞርበትን ስፍራ በስሙ ይዞ ቀርቷል። «ወራጅ አለ» የሚለውን አጭር ጥሪ ያህል ቁጥብ የሆነ ቃለ ተውኔት በመድረክ ላይ ብዙ ጊዜ አይሰማም። በየማዕዘኑ የተተከለ የጎዳና ስም አንብቦ የሚሄድ ነዋሪ ጥቂት ነው። ሌላው የሚሄደው በድልድይ፣ በአደባባይና በሰፈር ስም፣ ማለትም ረዳቱ በየተራው በሚጠራው የአፍ ካርታ ነው።

ሰልፍንና ግፊያን ማሳየት ጉድፍ ማጉላት ነው፣ ኪነ ጥበብ ተስፋን እንጂ ድካምን ማሳየት የለበትም የሚሉ አሉ። ይህ ሙግት አዲስ አይደለም፤ ያስከተለውም ጉዳት በቅርቡ ታይቷል። በ2008 ዓ.ም. ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች፣ ከምኒልክ አደባባይ እስከ ቃሊቲ የተዘረጋው ቀላል ባቡር ሥራ ሲጀምር ምስሉ ከየማስታወቂያውና ከየፊልሙ አይለይም ነበር። ደስታው ተገቢ ነበር። ይሁን እንጂ ሐዲዱ ጎዳናውን ለሁለት ከፍሎ ማዶ ለማዶ የሚተያየውን ጎረቤት ዙሪያ ጥምጥም ሲያስኬደው፣ ከዚያም ከ41ዱ ባቡሮች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በመለዋወጫ እጦት ሲቆሙ ያ ሁሉ ብሩሽና ካሜራ ወዴት ነበር? ተሳፋሪው በጣቢያው ላይ ቆሞ ሲጠብቅ አብሮት የጠበቀ ከያኒ አልታየም። ተስፋን አሳያለሁ ያለው ጥበብ ያሳየው የምረቃን ቀን ብቻ ሆነ።

ዛሬም ተመሳሳይ ፈተና ቀርቧል። በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማት በብዙ ጎዳናዎች የእግረኛውን መንገድ አስፍቷል፤ የብስክሌት መስመርና መብራትም አምጥቷል። ለእግረኛ ቦታ መሰጠቱ ለረጅም ዘመን ሲጠየቅ የቆየ ነውና ይህን መካድ ሐሰት ይሆናል። ነገር ግን በዚያው ሥራ ዶሮ ማነቂያ በ2016 ዓ.ም.፣ የካዛንቺስ ብዙው ክፍል ደግሞ በ2017 ዓ.ም. ፈርሰዋል። ከካዛንቺስ ተነሥተው ገላን ጉራ የገቡት ነዋሪዎች ከመሐል ከተማ ርቀዋል። ቀድሞ በእግር ይደርሱበት የነበረው ሥራና ገበያ፣ የዕድሩ ድንኳንም ሳይቀር፣ አሁን የታክሲ ሒሳብና ሰዓት ይጠይቃል። የእግረኛው መንገድ ሲሰፋ እግረኛው ርቋል። ከአየር ላይ የተነሣ ፊልም የመጀመሪያውን ያሳያል፤ ሁለተኛውን ለማየት ግን ከነዋሪው ጋር ሰልፍ መያዝ፣ አብሮ መጋፋት፣ ከመሸም በኋላ አብሮ መመለስ ያስፈልጋል።

ሰፈር ሲፈርስ የሚጠፋው ግድግዳ ብቻ እንዳልሆነ የሥነ ጽሑፍ ታሪካችን ያውቃል። ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር በ«ሌቱም አይነጋልኝ» ባይጽፋት ኖሮ ውቤ በረሃ ለዛሬው ወጣት አንባቢ ባዶ ስም በሆነች ነበር። እርሱ የሰፈሯን ሰው በቅርብ አይቶ ጻፈ እንጂ ከሩቅ አላሞገሰም፤ አንዳንዱ አንባቢ ቢቆጣውም መጽሐፉ አለ። ለዶሮ ማነቂያና ለካዛንቺስ እንዲህ ያለ ምስክር ማን እንደሚሆን ገና አልታወቀም።

ሥራው ብዙ ወጪ አይጠይቅም። የቴአትር ቤቶች ደራሲያን አንድ ሳምንት በመገናኛ ወይም በሜክሲኮ ተራ ቆመው የረዳቶቹን ጥሪና የተሳፋሪውን ንግግር በመቅረጫ ቢይዙ ይቻላል። ሠዓልያን ሸራቸውን ከፎቅ ጣሪያ አውርደው በራስ መኰንን ድልድይ ላይ ከሚያልፈው ሰው ትከሻ ጋር ማስተካከል ይችላሉ። የአማርኛ መምህራንም «የከተማችን ውበት» የሚለውን የድርሰት ርእስ ለአንድ ወሰነ ትምህርት አቆይተው፣ ተማሪው ከቤቱ እስከ ትምህርት ቤቱ የሚያልፍባቸውን ስፍራዎች ሁሉ ነዋሪው በሚጠራቸው ስም፣ ከሚፈጀው ሰዓትና ከሚከፍለው ሒሳብ ጋር እንዲጽፍ ያድርጉ። የገላን ጉራው ተማሪ ድርሰት ከሌሎቹ ሊረዝም ይችላልና በገጽ ብዛት ነጥብ አይቀነስበት።