ወደ ኋላ የሸሸ ፀጉር፦ ግንባርን በቀዶ ሕክምና ማሳጠር ለናይሮቢ ሴቶች መፍትሔ ይሆናል?

በናይሮቢ መሃል ከተማ፣ በሪቨር ሮድ ወይም በቶም ምቦያ ጎዳና የምታልፍ ሴት ብዙ ሳትራመድ ፀጉር ሠሪዎች ይጠሯታል። በሕንፃዎቹ ውስጥ ባሉት ጠባብ ሱቆች አንዲትን ደንበኛ ሁለት፣ አንዳንዴም ሦስት ሠራተኞች ከበው ይጎነጉኗታል። ሥራው ሲጠናቀቅ የግንባር ቆዳ ይወጠራል፤ ቅንድብም ከፍ ይላል። የመጀመሪያዎቹን ሌሊቶች ያለ ማስታገሻ ኪኒን መተኛት የሚቸግራቸው አሉ። አዲስ አበባ ውስጥ ሹሩባ ጠበቅ ተደርጎ የተሠራላት ሴትም ይህን ሕመም ታውቀዋለች።

በስልኮች ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ይታያል። ሰፊ ግንባር የነበራቸው ሴቶች ከቀዶ ሕክምና በኋላ ግንባራቸው አጥሮ የሚታዩባቸው ቪዲዮዎች በቲክቶክና በኢንስታግራም ይዘዋወራሉ። ኬንያውያን ወጣቶች ወጣ ያለ ግንባርን “ኮምዌ” እያሉ በሚቀልዱበት ከተማ እነዚህ ምስሎች ተመልካች አያጡም። በ15ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓ የነበሩ ባላባት ሴቶች ግንባራቸው ሰፍቶ እንዲታይ ፀጉራቸውን ይነጩ እንደነበር ለሚያውቅ ሰው ጉዳዩ ፈገግ ያሰኛል። ቀልዱ የሚወርድባት ሴት ግን የምትኖረው በዛሬው ዘመን ነው።

ቀዶ ሕክምናው ምንድን ነው?

ሐኪሙ ፀጉር የሚጀምርበትን መስመር ተከትሎ ከጎን ወደ ጎን ይቀዳል። ፀጉር ያለበትን የራስ ቆዳ ከሥሩ አላቅቆ ወደ ፊት ይስባል፤ ትርፍ የሆነውን የግንባር ቆዳ ቆርጦ ያወጣና ይሰፋል። በዚህ መንገድ ፀጉሩን በአብዛኛው ከ1.5 እስከ 2.5 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ማድረግ ይቻላል። የተካነ ሐኪም ምላጩን አጋድሎ ስለሚቆርጥ ፀጉር ጠባሳውን አልፎ ይበቅላል። የራስ ቅል የፊት ክፍል ለወራት ሊደነዝዝ ይችላል። አፍሪካዊ የዘር ሐረግ ባላቸው ሰዎች ላይ ጠባሳ አብጦ ኬሎይድ የመሆን ዕድሉ ከሌሎች ከፍ ያለ በመሆኑ ይህም አስቀድሞ ሊጠየቅ ይገባል።

ዋናው ጉዳይ ግን ጠባሳው የሚያርፍበት ቦታ ነው። ጠባሳውን የሚሸፍነው ከፊት ያለው ፀጉር ነው። ያ ፀጉር መሸሹን ከቀጠለ ጠባሳው እንደ መስመር ሆኖ ግንባር ላይ ይቀራል። ስለዚህ ቀዶ ሕክምናው የሚስማማው ግንባሯ በተፈጥሮ ሰፊ ለሆነና የፀጉሯ መስመር ለዓመታት ላልተንቀሳቀሰ ሴት ነው።

በዚህ አካባቢ ግን የብዙ ሴቶች ግንባር የሚሰፋው ከውልደት በኋላ ነው። ፀጉር ለረጅም ጊዜ ሲጎተት ሥሩ ይዳከማል፤ ከግንባር በላይና ከጆሮ አጠገብ ይሳሳል፣ በመጨረሻም ገላጣ ይሆናል። ሐኪሞች ይህንን ትራክሽን አሎፔሺያ ይሉታል። በኬፕታውን የቆዳ ሐኪሟ ኖንህላንህላ ኩማሎና ባልደረቦቿ እአአ በ2007 ባሳተሟቸው ጥናቶች ችግሩ ከልጃገረድ ተማሪዎች 17.1 በመቶ፣ ከአዋቂ ሴቶች ደግሞ 31.7 በመቶ በሚሆኑት ላይ ታይቷል። በማለስለሻ ኬሚካል የተሠራ ፀጉር ላይ ጥብቅ ጉንጉን ወይም ሰው ሠራሽ ፀጉር ሲጨመር አደጋው እንደሚያይል ተከታዩ ሥራቸው አሳይቷል።

በጊዜ ከተደረሰበት ፀጉሩ ይመለሳል። ከተጎነጎነ በኋላ በፀጉሩ ዳር የሚወጡ ትናንሽ ብጉሮች የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ ናቸው። ዓመታት ካለፉና ሥሩ በጠባሳ ከተተካ ግን የሚበቅል ነገር የለም።

ሌላም የሚያሳስት በሽታ አለ። አውስትራሊያዊው ሐኪም ስቲቨን ኮሳርድ እአአ በ1994 ለመጀመሪያ ጊዜ የገለጸው ይህ ሕመም የግንባር ፀጉርን ቀስ በቀስ እያጠፋ ወደ ኋላ ይገፋል። በጥቁር ሴቶች ላይ ሲከሰት የሹሩባ ጉዳት ተደርጎ ሊታለፍ ይችላል። በላዩ ላይ የሚደረግ ቀዶ ሕክምና ሊያባብሰው እንደሚችል የሕክምና ዘገባዎች ያመለክታሉ። ሁለቱን ለመለየት የቆዳ ሐኪም ያስፈልጋል፤ አንዳንዴም ከቆዳው ናሙና መውሰድ ግድ ይላል። በእኔ እይታ ይህን ምርመራ ሳያዝ ዋጋ የሚነግር ክሊኒክ ሥራውን ከመጨረሻው እየጀመረ ነው።

ፀጉር መትከልም ቢሆን የራሱ ፈተና አለው። ጥቅልል ፀጉር ከቆዳ በታችም ጠመዝማዛ ስለሆነ ሥሩን ሳይቆርጡ ማውጣት ልምድ ይጠይቃል። ለስላሳ ፀጉር ብቻ የለመደ ባለሙያ ዘንድ የሚሄድ ሰው ከራሱ ኋላ ያለውን ጤናማ ፀጉርም ሊያጣ ይችላል። ወደ ኢስታንቡል ለሚሄዱት ደግሞ ሌላ ጥያቄ አለ፤ ቁስሉ ቢያመረቅዝ ናይሮቢ ወይም አዲስ አበባ ላይ ማን ይከታተላቸዋል?

የናይሮቢ የውበት ቀዶ ሕክምና ገበያ አደጋ አይቶ ያውቃል። እአአ ጥቅምት 2024 አንዲት ሴት ስብ የማስወጣት ቀዶ ሕክምና ካደረገች በኋላ በቀናት ውስጥ ሕይወቷ አልፏል። የኬንያ ሐኪሞችና የጥርስ ሐኪሞች ምክር ቤትም ክሊኒኩን ዘግቷል። ግንባር ማሳጠር ያን ያህል ከባድ ቀዶ ሕክምና አይደለም፤ ቢሆንም ማን ይቀዳል፣ ማደንዘዣውን ማን ይሰጣል፣ ችግር ቢፈጠር ወደየት ይኬዳል የሚሉት ጥያቄዎች ለሁለቱም አንድ ናቸው። የሐኪም ስም በምክር ቤቱ ድረ ገጽ ላይ ተፈልጎ ሊረጋገጥ ይችላል፤ ክፍያም አይጠይቅም።

ፀጉር ሠሪዎቹን ብቻ መውቀስ ግን ፍትሐዊ አይመስለኝም። ጥብቅ ጉንጉን ንጹሕ ሆኖ ይታያል፤ ብዙ ሳምንታትም ይቆያል። ለአንድ ጊዜ ሥራ ከደመወዟ ጉልህ ድርሻ የምትከፍል የቢሮ ሠራተኛ ላላ አድርጉልኝ ብትል ቶሎ ተመልሳ መክፈል ይኖርባታል። በተፈጥሮ ፀጉሯ ሥራ ብትገባ ደግሞ ያልተዘጋጀች የሚመስላቸው አለቆች አሉ። ሐኪሙ ፀጉሩን ለወራት አሳርፊው ሲላት የምታሰላው ይህንን ሁሉ ነው።