ትልቅ ፓኬጅ ከመግዛት በፊት አንድ ደብተር

ናይሮቢ ተቀምጠን ከቤታችን የምንነግድ ሰዎች በኢንተርኔት መቆራረጥ የምናጣው ገንዘብ በሒሳብ መዝገብ ላይ አይታይም። ዕቃ ሲጎድል ይቆጠራል፣ ጥሬ ገንዘብ ሲጎድል በዚያው ምሽት ይታወቃል። ሞያሌ ላይ መኪና ቆሞ፣ ትራንዚተሩ የታረመ ኢንቮይስ እየጠበቀ፣ ፋይሉ ግማሽ መንገድ ላይ ቀጥ ሲል ግን ወጪው ተመዝግቦ የሚቀመጥበት ቦታ የለውም። የመኪናው ማደሪያ ከኛው ኪስ ይወጣል። የአዲስ አበባ ደንበኛ ዋጋ ስንነጋገር ድምፃችን ሲቆራረጥበት «በቃ ነገ እንነጋገር» ይላል፤ ነገ ደግሞ ከሌላ ገዝቶ ይጠብቀናል። ልጆቻችን ትምህርታቸውን ያቋርጣሉ፣ እናቶቻችን በቪዲዮ ፊታችን ደርቆ ቀርቶ «ምን ሆናችሁ?» እያሉ ይጨነቃሉ።

ለዚህ ችግር በየቤቱ የሚሰጠው ምክር አንድ ነው፦ ፓኬጁን አሳድጉ። ደንበኞች አገልግሎት ስንደውልም ብዙ ጊዜ የምንሰማው ይህንኑ ነው። የኛ አስተያየት ግን ይህ ምክር ባብዛኛው ለሌላ በሽታ የታዘዘ መድኃኒት ነው የሚል ነው። መስመሩ የሚቆራረጥ ቤት ተጨማሪ ፍጥነት ቢገዛ የሚቆራረጥ ፈጣን መስመር ይኖረዋል እንጂ የጸና መስመር አይኖረውም።

ሦስት ነገሮችን እንለይ። ፍጥነት የምንለው በአንድ ሰከንድ ስንት ሜጋቢት እንደሚያልፍ ነው፤ ይህ የመንገዱ ስፋት ነው። መዘግየት ማለት አንዲት ትንሽ መልእክት ደርሳ መልሷ እስኪመጣ የሚፈጀው ጊዜ ነው፤ በሚሊሰከንድ ይለካል፣ መለኪያው ፒንግ ይባላል። መቆራረጥ ደግሞ መንገዱ ለጥቂት ሰከንድ ወይም ደቂቃ ጨርሶ ሲዘጋ ነው። ኩባንያ የሚሸጥልን የመጀመሪያውን ነው። ንግዳችንን የሚጎዱት ሁለተኛውና ሦስተኛው ናቸው። ለአንድ ጥሩ የቪዲዮ ጥሪ በየአቅጣጫው ከ2 እስከ 4 ሜጋቢት ይበቃል። ባለ 20 ሜጋቢት ቤት ውስጥ ጥሪ ከተቆራረጠ የጎደለው ስፋት ሳይሆን ሌላ ነገር ነው።

ዕቃ ሲጎድልብን ምን እናደርጋለን? ሌላ ዕቃ አናዝም። ከመጋዘን ሲወጣ ስንት ነበር፣ ሞያሌ ሲደርስ ስንት፣ ማርሳቢት፣ ኢሲዮሎ፣ ናይሮቢ ሲራገፍ ስንት ብለን በየጣቢያው እንቆጥራለን። የጎደለበት ጣቢያ ሲታወቅ የሚጠየቀውም ሰው ይታወቃል። የቤት ኢንተርኔትም አራት ጣቢያ አለው፦ ከስልካችን እስከ ራውተሩ ያለው ዋይፋይ፣ የቤቱ ኬብልና ሞደሙ፣ በሕንጻውና በመንገዱ የሚሄደው የኩባንያው መስመር፣ ከዚያም ወደ ውጭ የሚወጣው መንገድ።

ከመጀመሪያው ጣቢያ እንጀምር። ላፕቶፑን በኔትወርክ ገመድ በቀጥታ ከራውተሩ ጋር አገናኙና ያው ሥራ ይቆራረጥ እንደሆነ እዩ። በገመድ ጸንቶ በዋይፋይ የሚቆራረጥ ከሆነ ሞደሙም ኩባንያውም ንጹሕ ናቸው። ገመድ ከሌለ ስልክ ላይ ነፃ የፒንግ መተግበሪያ አውርዱ፤ አንዴ የራውተሩን አድራሻ፣ አንዴ የውጭ አድራሻ፣ ለምሳሌ 8.8.8.8ን ለጥቂት ደቂቃ ፒንግ አድርጉ። ወደ ራውተሩ የሚሄደው ፒንግ ጥቂት ሚሊሰከንድ ብቻ መሆን አለበት። እሱ ራሱ ወደ መቶና ሁለት መቶ የሚዘል ከሆነ ጉድለቱ እዚያው ሳሎን ውስጥ ነው። ኢስሊም ሆነ ኪሊማኒ የምንኖርባቸው አፓርታማዎች ግድግዳቸው ኮንክሪት ነው፣ የጎረቤት ዋይፋይም በዙሪያችን ሞልቷል። ራውተሩን ከቴሌቪዥን ጀርባ አውጥቶ ከፍ ካለ ቦታ ማስቀመጥ፣ ለሥራ 5 ጊጋኸርዝ የሚለውን መጠቀም፣ 2.4 ጊጋኸርዝ ከሆነ ደግሞ ከቻናል 1፣ 6 እና 11 ጭር ያለውን መምረጥ አንድ ሽልንግ አያስወጣም።

በዚሁ ጣቢያ ላይ ሳለን ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። የኬብል ኢንተርኔት ባብዛኛው ለማውረድ ሰፊ፣ ለመላክ ግን ጠባብ ሆኖ የተሠራ ነው። ማታ የአንዱ ልጅ ስልክ የቀኑን ፎቶና ቪዲዮ በራሱ ጊዜ ወደ ክላውድ መላክ ሲጀምር ያ ጠባብ መንገድ ይሞላል። ሞደሙ ያልወጣውን ያሰልፋል፣ የኛ ድምፅም ከሰልፉ ኋላ ይቆማል። 30 ሚሊሰከንድ የነበረው ፒንግ ብዙ መቶ ይደርሳል። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ትልቅ ፋይል እየላካችሁ ፒንጉን ተመልከቱ። መላኩ ሲቆም ፒንጉ ወዲያው ከወረደ በሽታው ታውቋል። ፎቶ መላኩን ሌሊት ሁሉም ከተኛ በኋላ እንዲሆን ማድረግ፣ ወይም ራውተሩ የሚፈቅድ ከሆነ የመላኪያውን ፍጥነት ከተለካው ትንሽ ዝቅ አድርጎ መገደብ ይፈታዋል።

ሁለተኛው ጣቢያ ኬብሉ ነው። ያ ወፍራም ክብ የኮአክሲያል ኬብል ሞደሙ ላይና ግድግዳው ላይ በሚሽከረከር ጫፍ ይታሰራል። የላላ፣ የዛገ ወይም መሐል ሽቦው የተጣመመ ጫፍ መስመሩን ያስታምማል። በእጅ አጥብቁት። ከዚያ ስፕሊተር እንዳለ ፈልጉ፤ መስመሩን ለቴሌቪዥንና ለሞደም የሚከፍለው ትንሽ ብረት ማለት ነው። አንድ ባለ ሁለት መውጫ ስፕሊተር የሲግናሉን ጉልበት በግማሽ ይቀንሳል፤ ሁለተኛ ሲደረብበት ሩብ ብቻ ይቀራል። ከኛ በፊት የነበረ ተከራይ ትቶት የሄደ፣ ማንም የማይጠቀምበት ስፕሊተር ካለ ይነሳ።

ሞደሙ ራሱም ይናገራል። ብዙ የኬብል ሞደሞች በብራውዘር 192.168.100.1 ሲባል የራሳቸውን ገጽ ይከፍታሉ። ሦስት ቁጥር ብቻ እንይ። ወደ ቤት የሚገባው ሲግናል ጉልበት በዲሲቤል ሚሊቮልት ከነጌቲቭ 7 እስከ ፖዘቲቭ 7 ቢሆን ጥሩ ነው። የሲግናሉ ከጫጫታ መለያ ከ33 ዲሲቤል በላይ ቢሆን ይመረጣል። ሞደሙ ወደ ኩባንያው የሚልክበት ጉልበት ደግሞ 50 አካባቢ ከደረሰ ሞደሙ እየጮኸ ነው ማለት ነው፤ መንገድ ላይ የሚያፍነው ነገር አለ። የሞደሙ መዝገብ ላይ «ቲ3» እና «ቲ4» የሚሉ ማስጠንቀቂያዎች ከተደጋገሙ፣ ሞደሙ ከኩባንያው መሣሪያ ጋር መነጋገር አቅቶት እየጠፋ እየተመለሰ ነው። ገጹን በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። ቁጥሮቹን ማየት እንጂ ቅንብሮቹን መነካካት አያስፈልግም፤ በመርፌ የሚጫነውን የሪሴት ቀዳዳም አትንኩ። ሕንጻው ኮሪደር ላይ ያለውን የኩባንያውን ሳጥን መክፈትም የኛ ሥራ አይደለም።

ሦስተኛው ጣቢያ ከበራችን ውጭ ነው። የኬብል መስመር ጎረቤቶች አብረው የሚጋሩት ነው። ቀን ጸንቶ ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት የሚዘገይ ከሆነ ሰፈሩ በሙሉ በአንድ በር እየተጋፋ ነው። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው ረዥም ዝናብ ወቅት፣ ወይም በጥቅምትና ኅዳር ሲዘንብ ብቻ የሚጠፋ ከሆነ አንድ ቦታ ውኃ ገብቷል። መብራት ሲጠፋ ሞደማችን በባትሪ ቢቆይም፣ መንገድ ላይ ያሉት የሲግናል ማጉያዎች የራሳቸው ባትሪ ካለቀ መስመሩ ይጠፋል። እነዚህን ሁሉ ማስተካከል ያለበት ኩባንያው ብቻ ነው።

አራተኛው ጣቢያ ከኬንያም ይርቃል። በግንቦት 2024 እ.ኤ.አ. ኢሲ እና ሲኮም የተባሉት የባሕር ውስጥ ኬብሎች ደቡብ አፍሪካ አጠገብ ሲበጠሱ ኬንያን ጨምሮ የምሥራቅ አፍሪካ አገሮች ኢንተርኔት ተዳክሞ ነበር። እንዲህ ያለ ቀን ሞደም ማጥፋትና ማብራት ትርፉ ድካም ነው። እንደዚሁም አውሮፓ ካለ ኮምፒውተር ጋር ስንገናኝ ፒንጉ ከ100 ሚሊሰከንድ ማለፉ ርቀቱ የሚያመጣው ነው፤ ብልሽት አይደለም። ብልሽቱ ፒንጉ አንዴ 120፣ አንዴ 900 ሲሆን ነው።

አሁን ወደ ደብተሩ እንምጣ። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይሉ የለ። ለሁለት ሳምንት ብቻ አምስት ነገር እንጻፍ፦ ቀን፣ ሰዓት፣ ለስንት ደቂቃ ጠፋ፣ በገመድ ነበርን ወይስ በዋይፋይ፣ የሞደሙ መብራቶች ምን ይሉ ነበር። በስድስተኛው ዓምድ ደግሞ ያ መጥፋት ምን እንዳስቀረብን ይጻፍ፤ ያልተላከ ሰነድ፣ የተቋረጠ ጥሪ፣ ያደረ መኪና። ሰዓቱን በኩባንያው አቆጣጠር ጻፉት። ስዋሒሊ ተናጋሪ ጎረቤቶቻችን እንደኛው ከማታው 2 ሰዓት ቢሉም የኩባንያው ወረቀት 20:00 ነው የሚለው። አንዳንድ ሞደም ደግሞ መዝገቡን በዓለም አቀፉ ሰዓት ስለሚጽፍ ከናይሮቢ 3 ሰዓት ወደ ኋላ ይሆናል። ይህን ያልለየ ደብተር ከኩባንያው መዝገብ ጋር አይገጥምም።

«ገንዘብ የምንከፍለው እኮ እነሱ እንዲሠሩት ነው፣ ለምን እኛ ቴክኒሻን እንሁን?» የሚሉ አሉ። ጥያቄው ትክክል ነው። ክፍያውን የሚቀበል መስመሩን የመጠገን ግዴታ አለበት፤ ይህን ግዴታ ወደ ቤታችን ማዛወር አንፈልግም። ነገር ግን የሚሆነውን እናውቃለን። መስመሩ ማታ 2 ሰዓት ይጠፋል፣ ቴክኒሻኑ ቀን 6 ሰዓት ይመጣል፣ ያን ጊዜ ሁሉም ደህና ነው፣ «ችግር አልተገኘም» ብሎ ይፈርማል፣ ፋይሉ ይዘጋል። ምስክር የሌለው ክስ እንዲህ ነው የሚያልቀው። ደብተሩና የሞደሙ ገጽ ፎቶ ምስክር ናቸው። «ኢንተርኔታችሁ አይሠራም» ከሚል ደንበኛ ይልቅ «በ14 ቀን ውስጥ 23 ጊዜ ጠፍቷል፣ 19ኙ ከ19:00 በኋላ ነው፣ በገመድም ያው ነው፣ የመላኪያ ጉልበቱ 51 ነው» የሚል ደንበኛ ከዋይፋይ ጥያቄ አልፎ በቀጥታ ወደ መስመር ክፍል ይመራል።

ከዚህም የሚበልጥ ኃይል አለን፤ አብረን መኖራችን። በአንድ ሕንጻ ላይ አራት አምስት አበሾች ቤት አንጣም፣ ኬንያውያንና ሶማሌ ጎረቤቶችም አሉን። አምስት ቤት በአንድ ደቂቃ ከጠፋ ጥፋቱ የማንም ሳሎን አይደለም፣ የሰፈሩ መስመር ነው። ደብተሮቹን ጎን ለጎን አድርጎ፣ የሕንጻውን ኬርቴከር ይዞ፣ አንድ ደብዳቤ መጻፍ ይቻላል። የቅሬታ ቁጥር መቀበል፣ መልስ ከሌለ ደግሞ ያንኑ ማስረጃ ይዞ ወደ ኬንያ የመገናኛ ባለሥልጣን መሄድ ይቻላል። ባለሥልጣኑ መጀመሪያ ለኩባንያው አመልክታችሁ ነበር ወይ ብሎ ይጠይቃል፤ መልሱ ደብተሩ ውስጥ ነው።

ካምፓላ፣ ጁባ ወይም ሐርጌሳ ያላችሁ፣ አዲስ አበባ በስልክ መዳብ ወይም በፋይበር የምትጠቀሙ ቤተሰቦቻችንም፣ የኬብል ሞደሙን ቁጥሮች ዝለሏቸው። ዋይፋዩን ከመስመሩ መለየት፣ የመላኪያውን ሰልፍ መፈተሽና መጻፍ ግን በየትኛውም መስመር ይሠራል።

ስለዚህ ሐሳባችን ይህ ነው። ለትልቅ ፓኬጅ ልትጨምሩት ያሰባችሁትን የአንድ ወር ልዩነት መጀመሪያ ለአንድ ጥሩ የኔትወርክ ገመድና መስመር ሲጠፋ ኢንቮይስ ለምትልክ የሌላ ኩባንያ ሲም ካርድ አውሉት። ደብተሩ ከሁለት ሳምንት በኋላ ስፋት ነው የጎደለው ካለ ያን ጊዜ ፓኬጁን አሳድጉ። ሌላ ካለ ግን የጎደለበትን ጣቢያ ታውቃላችሁ፤ የሚጠየቀውንም ጭምር።