ከመሄድህ በፊት መመለሻህን አስላ

ባለፈው ሳምንት የጎረቤቴ ልጅ ፊቱ በደስታ በርቶ ከቤቴ ድረስ መጣ። ልጁ የንግድ ሥራ አመራር የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነው። «ጋሼ፣ በተማሪ ልውውጥ ለአንድ ሴሚስተር ጀርመን አገር ልሄድ ነው!» አለኝ። እንኳን ደስ ያለህ ብዬ ቡና ካስፈላሁለት በኋላ፣ «ለመሆኑ ስትመለስስ?» ብዬ ጠየቅሁት። ልጁ ዝም አለ። ገና ሳይሄድ ስለ መመለስ ማንሣቴ ሟርት ሳይመስለው አልቀረም።

እኔ ግን የጠየቅሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የማውቀው ወጣት እንዲሁ በልውውጥ ወደ ኤውሮፓ ሄዶ ነበር። እዚያ እንደ ደረሰ፣ በወረቀት ከተስማማባቸው ኮርሶች ሁለቱ በአገሩ ቋንቋ ብቻ የሚሰጡ ሆነው አገኛቸው። እሱም በራሱ ፈቃድ በሌሎች ለወጣቸው፤ እዚህ ላለው የትምህርት ክፍል ኃላፊ ግን አንዲት መስመር እንኳ አልጻፈም። ፈተናውን ሁሉ አልፎ ሲመለስ እነዚያ ሁለት ኮርሶች አልተያዙለትም። የጎደሉት ኮርሶች ደግሞ እዚህ የሚሰጡት በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ነበር። ጓደኞቹ ካባ ለብሰው ሲመረቁ እሱ ከታናናሾቹ ጋር ወንበር ተጋርቶ ይማር ነበር። እናቱም ለምረቃው ያሰፉትን ቀሚስ አንድ ዓመት ሙሉ በሣጥን አስቀመጡት። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት ይህ ነው።

እንግዲህ ልውውጥ ምን እንደ ሆነ እንረዳ። በኤውሮፓ ኤራስመስ የሚባለው የተማሪዎች ልውውጥ የተጀመረው በኤውሮፓ አቆጣጠር በ1987 ነው። ኋላም ኤራስመስ ፕላስ ተብሎ ከኤውሮፓ ውጪ ላሉ ዩኒቨርሲቲዎችም በሩን ከፈተ። አሠራሩ እንዲህ ነው፤ ሁለት ዩኒቨርሲቲዎች ይዋዋላሉ፤ ተማሪው በአገሩ እንደ ተመዘገበ ሆኖ ለተወሰነ ጊዜ በሌላው ይማራል፤ ለአስተናጋጁ ዩኒቨርሲቲም የትምህርት ክፍያ አይከፍልም። ስለዚህ ይህን ዕድል የሚፈልግ ተማሪ በመጀመሪያ ማንኳኳት ያለበት የገዛ ዩኒቨርሲቲውን የውጭ ግንኙነት ክፍል በር ነው። ዲግሪውን የሚሰጠው ያው የአገሩ ዩኒቨርሲቲ ነውና፣ ውጭ የተማረው ትምህርት ዋጋ የሚኖረው እዚህ ሲቆጠርለት ብቻ ነው።

ልጁን ወረቀትና እርሳስ አስይዤ ከመመለሻው ቀን ወደ ኋላ እያሰላን መጣን።

አንደኛ፣ ኮርሱ። በኤውሮፓ የአንድ ሴሚስተር ሙሉ ትምህርት 30 የኤውሮፓ ክሬዲት ነው፤ አንዱ ክሬዲት ከ25 እስከ 30 ሰዓት የሚፈጅ ሥራ ማለት ነው። የክፍሉን ሰዓት ብቻ ሳይሆን የንባቡንና የቤት ሥራውን ሰዓት ሁሉ ይጨምራል። ስለዚህ ከእኛ የክሬዲት ሰዓት ጋር አንድ ለአንድ አይመነዘርም። የትኛው የውጭ ኮርስ በየትኛው የአገር ቤት ኮርስ ፈንታ እንደሚያዝ በትምህርት ስምምነቱ ወረቀት ላይ ይጻፋል፤ በላዩም ተማሪው፣ ላኪው ዩኒቨርሲቲና ተቀባዩ ዩኒቨርሲቲ ሦስቱም ይፈርማሉ። እዚያ ደርሶ ኮርስ መለወጥ ነውር አይደለም። ነገር ግን ለውጡም እንደ መጀመሪያው በጽሑፍ ሆኖ በሦስቱም ሊፈረም ይገባዋል።

ሁለተኛ፣ ነጥቡ። በጀርመን አገር ከሁሉ የሚበልጠው ውጤት 1 ነው፤ 4 ያገኘ ለጥቂት አለፈ፣ 5 ያገኘ ወደቀ። በኢጣሊያ ደግሞ ከ30 ታስቦ ማለፊያው 18 ነው። በፈረንሳይ ከ20 ታስቦ ማለፊያው 10 ነው። በዴንማርክ ከፍተኛው 12 ሲሆን ዝቅተኛው ከዜሮ በታች 3 ነው! እንግዲህ ከጀርመን 1.3 ይዞ የመጣ ጎበዝ ከ4 ነጥብ በምንቆጥረው በእኛ ዓይን ሰነፍ መስሎ እንዳይታይ፣ ውጤቱ እንዴት እንደሚመነዘር ከጉዞው በፊት ከሬጅስትራር ጠይቆ በጽሑፍ መያዝ ይገባል።

ሦስተኛ፣ ጊዜው። በጀርመን የክረምቱ ሴሚስተር በፈረንጆች ከጥቅምት 1 እስከ መጋቢት 31 ይቆጠራል። ትምህርቱ ብዙውን ጊዜ በጥቅምት አጋማሽ ተጀምሮ እስከ የካቲት አጋማሽ ይቆያል፤ ከዚያ በኋላ የሚሰጥ ፈተናም አለ። በዚያን ጊዜ የእኛው ሁለተኛ መንፈቅ ጀምሮ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ዘግይቶ የመመዝገብን ነገር አስቀድሞ መጨረስ ነው። በመንግሥት ሥራ ላይ ሆናችሁ በማታ የምትማሩ አንባቢዎቼም የፈቃዱን ደብዳቤ ስትጠይቁ የመመለሻውን ቀን በፈተናው ቀን እንጂ በግምት አታስጽፉ።

አራተኛ፣ ወረቀቱ። ከ90 ቀን በላይ ለሚቆይ ተማሪ የአጭር ጊዜው የሸንገን ቪዛ አይበቃውም፤ የዚያ አገር የረጅም ጊዜ ቪዛ ያስፈልገዋል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሰናከለው በስሙና በልደቱ ነው። ፈረንጅ መጨረሻ ላይ የተጻፈውን የአያትን ስም የቤተሰብ ስም ያደርገዋል። ስለዚህ ስማችን በፓስፖርቱ ላይ በተጻፈበት ፊደልና ቅደም ተከተል በሁሉም ወረቀት ላይ አንድ ዓይነት ይሁን። መስከረም 5 ቀን 1996 ዓ.ም. የተወለደ ልጅም በኤውሮፓ አቆጣጠር ልደቱ መስከረም 16 ቀን 2003 ነው። በአንዱ ወረቀት 1996፣ በሌላው 2003 የተባለ እንደ ሆነ መርማሪው ሁለት ሰው ይመስለዋል። የኤምባሲው ቀጠሮ ከጧቱ 9 ሰዓት ሲልም በእኛ 3 ሰዓት ማለቱ ነውና፣ ከቀትር በኋላ ደርሶ ዘበኛን መለመን እንዳይመጣ።

አምስተኛ፣ ገንዘቡ። ልጁ እዚህ ሲደርስ ሳቀ፤ የድርጅትን በጀት በፈተና ሠርቶ ሙሉ ነጥብ አግኝቷል፤ የገዛ ራሱን በጀት ግን ጽፎ አያውቅም። በጀርመን ተማሪ መተዳደሪያ እንዳለው ማስረዳት አለበት። በ2024 የወጣው ልክ በወር 992 ዩሮ፣ በዓመት 11,904 ዩሮ ነው። ይህም በየወሩ የተወሰነው ብቻ በሚወጣበት ዝግ ሒሳብ በማስቀመጥ ወይም በስኮላርሺፕ ደብዳቤ ይረጋገጣል፤ ስኮላርሺፑ ከልኩ ካነሰ ልዩነቱን ማሳየት ያስፈልጋል። ከዚህ ሌላ የጤና መድንና የሴሚስተር መዋጮ አለ። ለቤት መያዣም አከራዩ እስከ ሦስት ወር ኪራይ ሊጠይቅ ሕጉ ይፈቅድለታል። የስኮላርሺፑ የመጀመሪያ ክፍያ ከደረሱ በኋላ ሊዘገይ ይችላልና፣ የመጀመሪያውን ወር ወጪ ይዞ መሄድ ብልህነት ነው። የጀርመን ሕግ ለተማሪ በዓመት 140 ሙሉ ቀን መሥራትን ይፈቅዳል፤ ሆኖም ገና ያልተገኘ ደመወዝ በገቢ ዓምድ አይጻፍም።

ሲደርሱ ደግሞ ጥቂት ነገር አለ። ቤት የገባ ሰው በሁለት ሳምንት ውስጥ በማዘጋጃ ቤቱ አድራሻውን ያስመዘግባል። በትምህርት ሰዓት ዝርዝር ላይ ከሰዓቱ አጠገብ ሲ ቲ የሚሉ ሁለት ፊደላት ካሉ ትምህርቱ ከተጻፈው ሰዓት 15 ደቂቃ ዘግይቶ ይጀምራል፤ ኤስ ቲ ካለ ግን ልክ በሰዓቱ ነው። ከመመለስ በፊትም በማኅተም የተረጋገጠውን የውጤት ወረቀትና የየኮርሱን ዝርዝር መግለጫ መያዝ ነው። የትምህርት ክፍሉ ሲጠራጠር የሚያየው ይህንኑ መግለጫ ነው።

«ይህ ሁሉ ካለ መሄዱ ምን ይጠቅማል?» አለ ልጁ ቡናውን አስቀምጦ። እኔም እንዲህ አልሁት፤ «ጥቅሙማ ብዙ ነው። ከማታውቀው አገር ልጅ ጋር አንድ የሒሳብ ሥራ ተካፍሎ መሥራት፣ ‹አልገባኝም› ብሎ በክፍል መካከል እጅን ማውጣት፣ የራስን ወጪ በራስ መቆጣጠር፣ ይህ ሁሉ ለንግድ ሰው ትልቅ ትምህርት ነው። ግን ልብህ ነፃ ሆኖ ይህን ሊማር የሚችለው የአገር ቤቱ ጉዳይ አስቀድሞ ካለቀ ነው።»

በማግሥቱ ልጁ ወደ ትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ሄደ። ከመረጣቸው ስድስት ኮርሶች አንዱ እዚህ እንደማይያዝለት ተነገረው። ተከፍቶ መጥቶ ነበር፤ እኔ ግን ደስ አለኝ። ይህን የሰማው ሻንጣው ሳይዘጋ ነው፤ ሌላ ኮርስ ለመምረጥም ጊዜ አለው።

ለሳምንት ሰው ይበለን።